የሮማን ክር ፍታው

እሑድ ነበር። እናታችን ከልደታ ቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እንኳ ሳታጥፍ ወንድሜ ቅሉን ለመናት።

ቅሉ ድሮ ውሃ የምንቀዳበት ነበር። ከሆዱ በታች ተሰንጥቆ ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ ጓዳ ጥግ ተቀምጦ ሽንኩርት ይጠራቀምበታል። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ አጭር ነው።

«ምን ያደርግልሃል?» አለችው።

«ዓለምን ልሠራበት ነው።»

«ዓለምን የሠራት አለ። እኔ ሽንኩርቴን የት ላድርገው?»

እንዲህ ብላ ሽንኩርቱን ሰፌድ ላይ ገለበጠችና ቅሉን ሰጠችው። እሱ ለምኗት የምትከለክለው ነገር አልነበረም። አባታችን ወደ ጦርነቱ ሄዶ ካልተመለሰ ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነው።

ስለ ወንድሜ ልጽፍ ስቀመጥ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይህ ቅል ነው። ፊቱን ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ድምፁንም እንዲሁ። ቅሉ ግን ይጻፋል። ስለዚህ በእሱ እሄዳለሁ።

ጋሼ እለው ነበር። በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል። ጣልያን ከመግባቱ በፊት ጥቂት ዓመት ትምህርት ቤት ተምሯል። በመጨረሻው ዓመት አንድ መምህር በእንጨት እግር ላይ የቆመ የምድር ሉል ይዘው ክፍል ይገቡ ነበር። በጣታቸው ሲገፉት ይሽከረከራል። በሉሉ ላይ ስላሉት መስመሮች ማስተማር ጀምረው ሳይጨርሱ ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ በኋላም ወታደሮች ሰፈሩበት። ሉሉ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ጋሼ የትምህርቱን ግማሽ ይዞ ቀረ። ሌላውን ግማሽ ራሱ አስቦ ሊሞላው ይታገል ነበር። ሲታገል አጠገቡ የሚቀመጠው እኔ ነኝ፤ እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚሠራው ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የአንድ ጣልያናዊ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ጎማ ይለጥፋል፣ ዕቃ ያቀብላል። ሰውየውን ሲኞሩ እንለዋለን። እሑድ የኛ ነው።

ያን እሑድ ቅሉን ይዞ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። በከሰል አፍሪካን ሣለበት። ቀጥሎ ባሕር፤ ከባሕሩ ማዶ ሌሎች አገሮች። የረሳውን አገር ባዶ ይተወዋል። ሥዕሉን ሲጨርስ ክር ፈለገ። ነጩን ክር እናታችን ከፈተለችው ልቃቂት ሰጠችው። ቀዩን ያገኘው ከጎረቤታችን ከሸማኔው ነው። እሳቸው ለጥለት የሚያስቀሩት ጥሩ ቀይ ክር ነበራቸው። በትውልድ የደቡብ ሰው ናቸው፤ ልደታ ግን ከኛ በፊት የገቡ ሰው ናቸው። እሑድ ስለሆነ እግራቸውን ከመሸመኛው ጉድጓድ አውጥተው በግድግዳው ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ክሩን ይዘው መጡ፤ ምን እንደሚደረግበት ሊያዩ ቆሙ።

ጋሼ ቀዩን ክር በቅሉ ሆድ ላይ፣ በሰፊው በኩል ጠምጥሞ አሰረው።

«ይህ የምድር ወገብ ነው» አለ። «ይህን ሰው አልመረጠውም። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከላዩ ታልፋለች።»

ቀጥሎ ከወገቡ በላይና በታች ሌሎች ክሮች አሰረ። እነዚህን መቀነት ይላቸው ነበር። ዛሬ በትምህርት ቤት ኬክሮስ እንላቸዋለን፤ ለእኔ ግን አሁንም መቀነት ናቸው። አንድ ነገር ያን ቀን አየሁ። የወገቡ ክር አርፎ ይቀመጣል። ከወገቡ የራቁት ግን ቢጠብቁም ቢላሉም እየተንሸራተቱ ወደ አንገቱ ይወጣሉ፤ የታችኞቹም ወደ ታች ይወርዳሉ። ጋሼ አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። እናታችን ሳቀችና ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ የጧፍ ቁራጭ አመጣችለት። ጧፉን ለኩሶ በየክሩ ላይ ሰም ጠብ አደረገበት። ክሮቹ ቆሙ።

«ዓለም አንገት አላት እንዴ?» አሉ ሸማኔው፣ የቅሉን አንገት በጣታቸው እየነኩ።

«እሱን ይርሱት አባባ። ቅል ስለሆነ ነው።»

«እሺ። አሁን እኔ ተነስቼ ወደዚህ አገር ብሄድ፣ ይኼን ቀዩን ክር መሬት ላይ አገኘዋለሁ?»

«አያገኙትም። በሐሳብ ያለ መስመር ነው።»

«የሌለ ነገር ነው በለኛ። ለሌለ ነገር ነው ክሬን የወሰድከው!»

ጋሼ ትንሽ አሰበ። «የልደታና የአብነት ወሰን የት ላይ ነው?» አላቸው።

«ከቁልቁለቱ በታች ነዋ።»

«መሬቱ ላይ ተሰምሯል?»

«አልተሰመረም።»

«ግን አልፈውት ሲሄዱ ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው! ሐሙስ ዕለት ባልፈው ወታደሩ 'ወረቀትህ የታለ' ብሎ ያዘኝ አይደል።»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ወዲያው ግን ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። በዚያ ጊዜ ሰው የሚስቀው እንደዚያ ነበር።

ከመቀነቶቹ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት መጡ። እነዚህን ጋሼ የብርቱካን ስንጥቅ ይላቸዋል። ሁሉም ከአንገቱ ሥር ይጀምሩና በሰፊው ሆድ ላይ ተራርቀው ከታች እንደገና ይገናኛሉ። እነዚህ አይንሸራተቱም። ከላይና ከታች አንድ ላይ ስለታሰሩ ባሉበት ይረጋሉ። የመጀመሪያውን ነጭ ክር በከሰል ነጥብ በተደረገባት ቦታ፣ ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በልደታ ላይ አሳለፈው።

«መነሻው እዚህ ነው ያለህ ማነው?» አለች እናታችን።

«ማንም። መምህራችን እንዳሉት የምድር ወገብ የፀሐይ ነው። የነዚህ መነሻ ግን የሰው ነው። የውጭ ሰዎች ተሰብስበው በእንግሊዞች አገር በአንድ ቦታ ላይ ይለፍ ብለው ተስማሙ፤ ስለተስማሙ ሆነ። እኛም በዚህ ግቢ ተስማምተናል። አይደለም አባባ?»

«በክሬ እስከሆነ ድረስ ተስማምቻለሁ።»

«የኔ ክር ነው እሱ፤ ነጩ» አለች እናታችን።

ከዚያ ጋሼ ምድር ዞራ ለመጨረስ አንድ ቀንና ሌሊት እንደሚፈጅባት ነገረን። ዙሪያዋ ሦስት መቶ ስልሳ ዲግሪ ነው፤ ለሃያ አራት ሰዓት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰዓት አሥራ አምስት ይደርሰዋል። ስለዚህ የሁለት አገሮችን የሰዓት ልዩነት ካወቅህ በመካከላቸው ስንት ስንጥቅ እንዳለ ታውቃለህ። ይህ መምህሩ ያስተማሩት የመጨረሻው ትምህርት ነበር። እናታችን ፍትሏን አቁማ ታዳምጥ ነበር።

«ቆይ» አለች፤ «እንዲህ ከሆነ እኛ ረቡዕን ስንጀምር እዚያ ጫፍ ያሉት ገና ማክሰኞ ላይ ናቸው?»

«ናቸው።»

«እኛ ስንጾም እነሱ ይበላሉ?»

«ኋላ ደግሞ እኛ ስንበላ እነሱ ይጾማሉ።»

«ተመስገን» አለች። «እንግዲያው ዓለም ላይ የሚጾም ሰው የማይኖርበት ሰዓት የለም።» ይህን ብላ እንዝርቷን እንደገና አሾረች። ጋሼ ያን ጊዜ እንዴት እንዳያት አስታውሳለሁ።

ቀጥሎ የጣልያኖቹን ከተማ፣ ሮማን፣ እንፈልግ አለ።

የሲኞሩን የኪስ ሰዓት ብዙ ጊዜ አይቶታል። ቅዳሜ ዕለት ልክ በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ሲኞሩ ሰዓቱን አውጥቶ ሲመለከት ጋሼም በትከሻው በኩል አየ። አሥራ ሁለት ይላል።

«አሥራ ሁለት ሰዓት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሲነጋ» አልኩት።

«አየህ! እዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን በእነሱ አገር ገና እየነጋ ነው። ሰውየው ያገሩን ሰዓት ይዞ ነው የሚዞረው። አልለወጠውም።»

«ምነው?» አልኩት።

«ልቡ እዚያ ነዋ።»

«ምስኪን» አለች እናታችን፤ «እሱም እናት ይኖረዋል።»

የስድስት ሰዓት ልዩነት። አሥራ አምስት ሲባዛ በስድስት ዘጠና። የዓለም ሩብ። በክር የቅሉን ዙሪያ ለካ፤ ክሩን አራት ቦታ አጠፈው፤ በአንድ እጥፉ ልክ ከልደታ ወደ ምዕራብ ሄዶ የሮማን ክር አሰረ። በከሰል ከሣላት አፍሪካ አልፎ ባዶ ባሕር ላይ ነው ያረፈው። ቅሉን አዙረን ካልሆነ ልደታንና ሮማን አንድ ላይ በደንብ ማየት አልተቻለም።

ሸማኔው ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። «ታዲያ ከዚያ ድረስ ምን አመጣቸው?» አሉ በቀስታ።

ጋሼ ግን ቅሉን ሲያዞር ቆየ። ደስ አላለውም። «በመምህሩ ሉል ላይ ቅርብ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ከባሕሩ ማዶ፤ እዚሁ ከበላያችን።» ሰም ጠብ ላደርግበት ጧፉን ሳነሳ እጄን ያዘኝ። «የዚህን ቋጠሮ ተወው። ሳናረጋግጥ ሰም አናፈስበትም።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከጋራዡ ሰው መጣ። ሲኞሩ ሰኞ በጠዋት መንገድ ስለሚሄድ የጭነት መኪናው ጎማ ዛሬ ይሠራ ብሏል። ጋሼ እሑዱ ተወሰደበት ብዬ ተናደድኩ። እሱ ግን ኮቱን እየለበሰ፦

«እንደውም ጥሩ ነው። ስለ ሰዓቱ እጠይቀዋለሁ።»

«በምን ቋንቋ?»

«ፀሐይን እያሳየሁት ነዋ» አለና በጣቱ ሰማዩን፣ ከዚያ ኪሱን፣ ከዚያ ሩቅ ቦታ አመለከተ። እናታችን ሳቀች። ከበሩ ሲወጣ እየሳቀች ነበር።

በዚያው ሳምንት በከተማው አንድ ነገር ደርሶ ነበር። የደረሰውን እዚህ አልጽፈውም፤ የማያውቅ የለም። ወታደሮች ወጣት ወንድ፣ ይልቁንም ፊደል የቆጠረ ከተባለ፣ ከመንገድም ከቤትም ይሰበስቡ ነበር። ልደታ ላይ እስከዚያ እሑድ አልደረሱም፤ አይደርሱም ብለን ነበር መሰለኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሸማኔው መጡ። ከእኛ ዘንድ ተነስተው አብነት የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ነበር። ከበሩ ሳይገቡ ቆሙ። እናታችን አየቻቸውና እንዝርቱን አስቀመጠች።

«በሕይወት አለ» አሉ መጀመሪያ። «በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከብዙ ልጆች ጋር መኪና ላይ ጭነውታል።»

እናታችን አልጮኸችም። መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሲያየኝ ጠራኝ። 'እማዬን እመጣለሁ ይበሉልኝ' አለ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ላንተም ልኮልሃል። እንዳልረሳው መንገዱን ሁሉ ስደጋግመው ነው የመጣሁት። 'ወንድሜን የሮማን ክር ፍታው ይበሉልኝ፤ ተሳስቻለሁ' ነው ያለው። ሌላ ነገር ያለ መስሎኝ ደግሜ ልጠይቀው ስል መኪናው ሄደ።»

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። በየጊዜው ነው። ሰው በወታደር መካከል ቆሞ፣ መኪናው እየተነሳ፣ ስለ አንድ ክር ይጮኻል? አንዳንድ ሰው ስነግረው አያምነኝም። እኔ ግን አምናለሁ። ጋሼ የተሳሳተ ነገር ሰው እጅ ላይ ትቶ መሄድ አይችልም ነበር።

እሱን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ አብሮት ታስሮ የነበረ አንድ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ በዚያው በእነሱ አገር እንደታመመና እንደሞተ ነግሮናል። የት እንደተቀበረ ሰውየውም በደንብ አላወቀውም። በሁለት ቁጥር፣ በአንድ መቀነትና በአንድ ስንጥቅ፣ በምድር ላይ ያለ ማንኛውም ቦታ ይገኛል ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። የእሱን ሁለት ቁጥሮች ግን አላውቅም። ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ በክፍላችን ትክክለኛ ሉል ሳይ መጀመሪያ ያደረግሁት በአዲስ አበባና በሮማ መካከል ያለውን መቁጠር ነበር። ሃያ ስድስት ዲግሪ ነው። መምህሩ ለምን እንደማለቅስ ጠየቁኝ።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ።

ጎረቤት ገብቶ ወጣ። አንዱ ነገ ይፈቷቸዋል ይላል። ሌላው፣ ባሕር አሻግረው ወደ አገራቸው ሊወስዷቸው ነው ሲባል ሰምቻለሁ አለ። ይህን ሲሰሙ ሌሎቹ ተቆጡት፤ ቃሉ ግን ወጥቶ ነበር። ሰው ሲቀንስ እናታችን ቅሉን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። የሮማን ክር ራሷ አዙራ አገኘችው።

«አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው?»

እዚህ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር። በጋሼ ስሌት ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቆጠርኩ። «ገና እኩለ ቀን አካባቢ ነው» አልኳት።

«በጠዋት ስጸልይለትስ?»

«እዚያ እኩለ ሌሊት ነው።»

«ተኝቶ ነው ማለት ነው።»

«አዎ።»

«እሱ ሲነሳ እኔ የቀኑን ግማሽ ጨርሻለሁ። እኔ ስተኛ እሱ ገና ሥራ ላይ ነው።» በመዳፏ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ሄደች፤ አንድ መዳፍ አልበቃትም። «አንድ ጠዋት እንኳ አብረን አይነጋልንም።»

ጋሼ ፍታው ብሏል። ክሩ የተሳሳተ መሆኑን አውቃለሁ፤ በምን እንደተሳሳተ ግን አላውቅም። ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት፤ ስህተት የለበትም። ዘጠና ነው። ፈትቼ የት ላስረው? ዝም ብዬ ባስጠጋው፣ ለእናቴ ልብ ብዬ ብዋሻት፣ እሱ የላከው ይህን አይደለም።

ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ እናታችን ዳቦና ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። እሷም ልትመጣ ነጠላዋን አነሳች። ሸማኔው «እኔ አለሁለት፣ እትዬ» ብለው አብረውኝ ወጡ። ልጆቹን ያጎሩበት ግቢ በር ላይ ስንደርስ እኛን የሚመስሉ ሰዎች ቆመዋል፤ እናቶች፣ እህቶች፣ በየእጁ የተቋጠረ ምግብ። ከጥበቃው አጠገብ የጣልያን ቆብ ያደረገ አስተርጓሚ አለ። ያገራችን ልጅ ነው፤ ከጋሼ ብዙ አይበልጥም።

«የትናንቶቹ የሉም» ይላል እየደጋገመ። «ሌሊቱን ወደ ባቡሩ ወስደዋቸዋል። ምግብ አንቀበልም። ሂዱ።»

«ወዴት ነው የሚወስዷቸው?» አለች አንዲት ሴት።

«ወደ አገራቸው። ወደ ጣልያን።»

ሴቶቹ ጮኹ። ከጩኸቱ መሐል እኔ እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም፦

«ጌታዬ፣ ሮማ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

አስተርጓሚው ዞሮ አየኝ። «ምነው፣ ቀጠሮ አለህ?»

ሁለት ሦስት ሰዎች በእንባቸው ውስጥ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ሸማኔው ግን ክንዴን ያዙና ወደፊት አቀረቡኝ።

«ልጄ፣ እባክህ መልስለት። ለጥያቄው ምክንያት አለው።»

አስተርጓሚው ሽማግሌውን አየ፤ እኔን አየ። ከኪሱ ሰዓት አወጣ፤ እኔም አንገቴን ሰግጌ ተመለከትኩ።

«ስምንት ይላል» አልኩ። «እዚያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው?»

«የምን ሌሊት! ይህ የዚሁ የአዲስ አበባ ሰዓት ነው። በኛ ስንት ነው አሁን?»

«ሁለት ሰዓት ይሆናል» አሉ ሸማኔው ወደ ፀሐይዋ ቀና ብለው።

«እኛ ሁለት የምንለውን እነሱ ስምንት ይሉታል። እነሱ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ተነስተው ነው፤ እኛ ከንጋት። ፀሐይዋ ያቺው አንድ ናት።»

ወደ ሰዓቱ ይበልጥ ተጠጋሁ። «ሮማስ?»

«ራዲዮናቸው ከሮማ ሲናገር እሰማዋለሁ። በዚህ ሰዓት እዚያ ስድስት ይላሉ። በኛ አሥራ ሁለት መሆኑ ነው። አሁን እየነጋላቸው ነው።» ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጠባቂው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማንህ ነው?» አለኝ።

«ወንድሜ።»

አንገቱን ደፋ። «ሂድ፤ ምግቡን ለእናትህ መልስላት» አለኝ።

ወደ ልደታ ስንመለስ ከሸማኔው ፊት ፊት እሄድ ነበር። ስሌቱ ልክ ነበር። የተሳሳትነው መነሻው ላይ ነው። ሲኞሩ ያገሩን ሰዓት ይዞ አልዞረም። አሥራ ሁለት ያለው የሮማን ንጋት ሳይሆን የኛን እኩለ ቀን ነው፤ መቁጠር የጀመረው ግን ከሌላ ቦታ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ክር በልደታ ላይ ስናስር ያደረግነውን እነሱ በቀኑ ላይ አድርገውታል። ጋሼ ይህን ነው ጋራዡ ውስጥ፣ ወደ ሰማይና ወደ ኪስ እየጠቆመ፣ ጠይቆ የተረዳው። ቤት ገብቶ ሊነግረን ነበር።

«አባባ፣ ጋሼ ተሳስቶ ነበር» አልኳቸው።

«ይህንኑ አይደል እንዴ ትናንት የነገርኩህ?» አሉኝ።

እናታችን በሩ ላይ ነበረች። በእጄ ያለውን ቋጠሮ ስታይ ገባት። ወዴት እንደወሰዱት ሸማኔው ነገሯት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ቅሉን አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና የሮማን ክር ፈታሁት። ሰም ስላልነበረበት በቀላሉ ተፈታ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጋሼ ያለኝን።»

የሁለት ሰዓት ልዩነት፣ ሠላሳ ዲግሪ፤ ሰዓት ስለሚጠጋጋ ከእውነተኛው ጥቂት ይበልጣል። ሩቡን ለካሁና ክሩን ሦስት ቦታ አጠፍኩት፤ አንዱን እጥፍ ብቻ ይዤ ከልደታ ወደ ምዕራብ ሄድኩ። ከአንገቱ ሥር አሰርኩት፤ ከታችም አሰርኩት። ባሕሩ ላይ አልወደቀም። ጋሼ ከባሕሩ ማዶ በከሰል የሣላት አገር ላይ አለፈ። ቅሉን ማዞር አላስፈለገም።

እናቴ መዳፏን አስቀመጠች። አንዱ ክር በአውራ ጣቷ፣ ሌላው በትንሿ ጣቷ በኩል ሆነ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። እዚህ በነጋ በሁለት ሰዓት እዚያም ይነጋል።»

«ከቅዳሴ ስመለስ እሱ ይነሳል ማለት ነው።»

«አዎ፣ እማዬ።»

ጧፉን ለኮስኩ። ሰሙ ቀልጦ ጫፉ ላይ ሲጠራቀም ወደ ቋጠሮው አቀረብኩት። እናቴ እጄን ያዘችኝ፤ ትናንት ጋሼ እንደያዘኝ።

«ገና አልደረሰም እኮ» አለች። «መንገድ ላይ ነው።»

ጧፉን እፍ አልኩት። ቋጠሮውን ያለ ሰም ትቼ ቅሉን ጋሼ ከሚተኛበት ራስጌ አስቀመጥኩ፤ የልደታን ክር ወደ በሩ፣ የሮማንም ከጎኑ አድርጌ።